የቅርቡ መስመር

እኔ የስታዲየም መቀመጫ ነዳፊ ነኝ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከተመልካቹ ዓይን አንድ መስመር ይነሳል፤ ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው አናት በላይ አልፎ የሜዳው የቅርብ ጠርዝ ላይ ያርፋል። የደረጃውን ከፍታ የሚወስነው እሱ ነው።

አለቃዬ ጣሪያው ሳይነካ ሁለት ረድፍ ጨምሪ አለኝ። መስመሩ የሚያርፍበትን ነጥብ ከጠርዙ ወደ ሜዳው መሃል ገፋሁት። ደረጃዎቹ ዝቅ አሉ፣ ረድፎቹም ገቡ፤ የቅርቡ ጠርዝ ግን ከፊት በተቀመጠው ሰው አናት ተሸፈነ። አለቃዬ መላ አታጪም ብሎ አሞካሸኝ። ታናሽ እህቴ የክንፍ ተጫዋች ናት፤ እንጀራዋ ጠርዝ ላይ መሮጥ ነው። ረስቼው አይደለም፤ እምቢ ማለት ፈርቼ ነው።

አባታችን አናጢ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው "ውሃ ልክ" ይለው ነበር። እግሩ ከከዳው ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሐኪሙም ቁርጡን ነግሮን ነበር። ምኞቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ልጁ ስትጫወት አንዴ በዓይኑ አይቶ መሞት። ስታዲየሙ ተሠርቶ ሲከፈት ተሸክመን ወስደን መቀመጫው ላይ አስቀመጥነው። አንዷ ልጄ የሠራችው፣ አንዷ የምትጫወትበት እያለ አጠገቡ ለተቀመጡት ሁሉ ጉራውን ነዛ።

እህቴ ከእረፍት በኋላ ተቀይራ ገባች፤ በእኛ በኩል ባለው ጠርዝ። ጠርዙ ተቀምጦ ስለማይታይ ከፊታችን ያለው ሰው በሙሉ ለማየት ብድግ አለ። አባባ የታለች አለኝ። እዚሁ ታች ናት አልኩት። አንገቱን ወዲያ ወዲህ አለ፤ ጀርባ እንጂ ሌላ አልታየውም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ደረጃውን በስንዝሩ ለካ።

"ይሄ ደረጃ አንሷል" አለኝ።

"እኔ ነኝ ያሳነስኩት፣ አባባ።"

እጄን ይዞ፣ ሕዝቡ ስሟን እየጠራ ሲጮህ እያዳመጠ ጨዋታውን ጨረሰ። የእጄን ባገኝ ምንም አልነበረም፤ ያገኘው ግን እሱ ነው።

እህቴ ላቧ ሳይደርቅ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"አባባ፣ አየኸኝ?"

"አየሁሽ የኔ ልጅ። አንድም አላመለጠኝም።"

ከጨዋታው በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርነው። እህቴ ሊያጽናናት ለሚመጣ ሁሉ፣ ደግነቱ ሳያየኝ አልሞተም ትላለች። እንባዋን የሚያቆምላት ይሄ ብቻ ነው። ወደ እኔ ዞራ "አይደል?" ስትለኝ፣ "አዎ፣ አይቶሻል" እላታለሁ።