«ዛሬ» የሚሉ መዝገቦች

ኮምፒውተሩ ላይ መዝገቦቹን በቀናቸው ለሦስተኛ ጊዜ ፈለገች። አሁንም ዜሮ።

"ምንም የለም?" አለች ከጀርባዋ የቆመችው ሲስተር፣ የጤና ጣቢያው የክትባት ክፍል ኃላፊ። "ከመሸ እናቶቹን ማን ያገኛቸዋል?"

የክትባት ማቀዝቀዣው ከሁለት ወር በፊት፣ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ተበላሽቶ መዋሉ የታወቀው ዛሬ ጠዋት ነው። በሁለቱ ቀናት የተከተቡ ሕፃናት በሙሉ እንደገና መከተብ አለባቸው። መዝገባቸው ያለው ወንድሟ በሠራው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ወንድሟ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሞተ። እሷ ሙያውን ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም፤ እሱ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብላ ያየችውን ይዛ ነው ሥራውን የተረከበችው።

አንድ መዝገብ ከፈተች። ቀን በሚለው ቦታ «ዛሬ» ይላል። ሌላ ከፈተች፤ «ዛሬ»።

"ሲስተር፣ ይሄን ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኛ! ቀን ይላል፤ የተከተበው ዛሬ ነው። ምን ልጻፍ ታዲያ?"

"በነጋታው እኮ ዛሬ አይደለም!"

"እሱን ለወንድምሽ... ማሽኑ ያውቀዋል ብሎኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።"

ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። አንተ ሰው፣ ቀኑ በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ምን ያቅትህ ነበር? እንዲህ ዝርክርክ አድርገህ ትተህልኝ ትሄዳለህ?

ማሽኑ ያውቀዋል። እሷንም አንድ ቀን እንዲሁ ብሏት ነበር፦ "አኩራፊዋ፣ ማሽኑ ለየመዝገቡ የሚሰጠውን መለያ ቁጥር አትናቂው። መዝገቡ የተፈጠረበት ሰዓት መጀመሪያው ላይ አለ።" ያኔም አኩርፋ ስለነበር በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው።

ማክሰኞ የጀመረበትንና ረቡዕ ያለቀበትን ሰዓት ወደ መለያ ቁጥር ቀየረች፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ ጠየቀች። አርባ ሁለት መዝገብ ተደረደረ።

"እሰይ!" ሲስተር መነጽሯን አስተካክላ ተጠጋች። "ይቺን አውቃታለሁ... ይሄኛው ግን ምንድን ነው? «ሙከራ ሕፃን። እናት፦ አኩራፊዋ።» ወይ ጉድ! አጥፊው፣ ሕፃን አይደለም።"

ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተፈጠረ ነው። በሲስተር ሲቀልድ ይሆናል፣ እሱም ቀን በሚለው ቦታ «ዛሬ» ብሎ ሞልቷል።

ከዝርዝሩ ብቻ አወጣችውና የአርባ አንዱን ስልክ አትማ ሰጠች። ሲስተር ገና ከበሩ ሳትወጣ መደወል ጀመረች።

እሷ ደግሞ «ዛሬ» የሚለውን ሁሉ በትክክለኛው ቀን የሚተካ ትእዛዝ ጻፈች። ከማስኬዷ በፊት ግን አንድ መስመር ጨመረች፤ ያንን አንድ መዝገብ እንዳይነካ።