ልጁን አውጣው

ስድብ እችላለሁ። በረኛ ሆኖ ስድብ የማይችል ሰው ዱላውን ሰቅሎ ሌላ ሥራ ይፈልግ። እኔን የገደለኝ ትዕግስታቸው ነው።

ያን ክረምት እማማ ሉባ ቤት ነበር የምኖረው። እኛ ጋ፣ በረዶ በሚበዛበት ሳስካችዋን፣ ወጣት የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ከቤቱ ርቆ ሲሄድ የከተማው ሰው ተከፋፍሎ ያስጠጋዋል፤ ለእኔ የደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ፔሮጊ የሚሉትን ድንች የተሞላ ሊጥ በቅቤ እየጠበሱ ያበሉኛል፤ ጨዋታ ሲኖር ደግሞ ከጎሌ ጀርባ ሜዳውን የሚከልለው መስታወት ላይ ተለጥፈው ይቀመጣሉ። ድምፃቸው ለጉድ ነው።

እስከ ገና ደህና ነበርኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እንደ ኳስ የምንመታት ያቺ ጥቁር ጎማ ከሰው ዱላ ስትነሳ ማየት ተሳነኝ። የማያት መረቤ ውስጥ ገብታ ነው። እህል አልወርድ አለኝ። ከየጨዋታው በፊት ሽንት ቤት ገብቼ አስመልሳለሁ። ወደ አባቴ ቤት መመለስ ብቻ ነበር የምፈልገው፣ ሌላ ምንም። ግን ክለቡ ካልለቀቀኝ መሄድ አልችልም።

አሰልጣኝ ግሬንጀርን ለመንኩት።

«አሰልጣኝ፣ በቃኝ። ዴቭሊንን አስገባውና እኔን ልቀቀኝ።»

ዴቭሊን ተቀያሪው በረኛ ነው።

«እኔ በአንተ ተስፋ አልቆርጥም» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «በአንተ ዕድሜ ሳለሁ እኔን ያባረረኝ ትዕግስት የሌለው አሰልጣኝ ነው። ያንን በሰው ልጅ ላይ አልደግመውም።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ቢጮህብኝ እኔም ጮሄበት በወጣልኝ። ደግ ሆነብኝ እንጂ።

ደጋፊው ግን ለደግነት ጊዜ የለውም። ፀጉር አስተካካዩ ኦረስት፣ ሕፃን የሚይዛትን ጎማ ስይዝ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል፤ አዳራሹም እየሳቀ ይከተለዋል። እማማ ሉባ ታዲያ ዞረው ይሞልጩታል።

«አንተ ኦረስት፣ የሰው ጆሮ ስትቆርጥ ማን አጨበጨበብህ? ልጄን ታገሠው።»

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከጨዋታ በፊት፣ ሹካዬን አስቀምጬ ነገርኳቸው።

«እማማ ሉባ፣ ወደ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ብላ።»

«የምሬን ነው። አሰልጣኙ አልለቅህም አለኝ። እርስዎ ቢነግሩት ይሰማዎታል።»

«የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ብለው ሌላ ፔሮጊ ጨመሩልኝ።

«ሚስት የለኝም እኮ።»

«አፍህን ዝጋና ብላ። ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር የተጣላሁልህ እንድትሸሽ ነው?»

ዞረው ዕቃ ማጠብ ጀመሩ። እንባዬ ሳህኑ ላይ ወረደ፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለነበር አላዩኝም።

ከሰዓት የጎረቤት ከተማ ልጆች መጡብን። አዳራሹ ጢም ብሏል። የመጀመሪያዋ በእግሮቼ መሀል አለፈች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዷማ ከመሀል ሜዳ እየተንሸራተተች ነው የገባችው። በመጨረሻ አንድ ቀላል ነገር ያዝኩና ኦረስት ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ሰዉ ሁሉ ተነሣ።

ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታው ቆሞ ነበር። እግሬ በራሱ ሄደ። ጎሌን ትቼ ወደ ተቀያሪዎች አጥር ተንሸራተትኩ። በረኛ ሳይጠሩት እንዲህ አያደርግም፤ ነውር ነው።

ግሬንጀር የአጥሩን በር ዘጋብኝ። ብረቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት።

«ተመለስ፣ ኪገን።»

«አልችልም።»

«ትችላለህ። አምንብሃለሁ።»

«በእግዜር ይዤሃለሁ፣ አሰልጣኝ።»

«እንደኔ የሚታገሥህ የለም። ተመለስ።»

ዴቭሊን አጠገቡ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ተመለስኩ፤ ወዴትስ ልሂድ? ዙሪያውን አጥር፣ ከአጥሩ በላይ መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሰው።

የበረኛ ውሃ ጎሉ ላይ ነው የሚቀመጠው። ለመጠጣት ጭምብልህን ታነሣና ፊትህን ወደ ሕዝቡ ታዞራለህ። አዞርኩ። እማማ ሉባ እዚያው ነበሩ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። እንደ ልማዳቸው «ታገሡት» ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል። ፊቴን ሲያዩ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ ተነሥተው መስታወቱን በጡጫ መቱት።

«ግሬንጀር! ልጁን አውጣው!»

ኦረስት እጁ አየር ላይ ቀረ። «ሉባ፣ አንቺም?»

«እኔም። ግሬንጀር፣ አውጣው አልኩህ፣ ልጄን አውጣልኝ።»

ሕዝቡ ተቀበላቸው። አውጣው፣ አውጣው። የባላጋራዎቹ ልጆች በሳቅ ዱላቸውን በረዶው ላይ ይደበድባሉ። በሬዲዮ የሚሰማ ሰው፣ የምታበላው ሴትዮ እንኳን ፊቷን አዞረችበት ብሎ አዝኖልኝ ይሆናል። እኔ ግን ያን ክረምት እንደዚያ የጣፈጠኝ ድምፅ የለም።

ግሬንጀር ሕዝቡን አየ፣ እኔን አየ። እጁ በሩ ላይ ቆየ። ከዚያ ከፈተው። ዴቭሊን ሲያልፈኝ እግሬን በዱላው ነካ አደረገኝ።

ልብሴን ቀይሬ ስወጣ እማማ ሉባ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በሩ ላይ ይጠብቁኛል። ዓይናቸው ቀልቷል። የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ሂድና አሙቀው። እኔ ከአሰልጣኝህ ጋር የማወራው አለኝ።»

በሳስካችዋን ብርድ መኪና ቶሎ አይሞቅም። እየተንቀጠቀጥኩ ቁጭ ብዬ ስጠብቃቸው ራበኝ።