ተኝቶ የተለካ እግር

አብዱልፈታህ የሟች ጓደኛውን የብስክሌት ጫማ ለማጥለቅ በማንኪያ እጀታ ቢታገል ተረከዙ አልገባ አለ። የራሱ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ ነበር። ለእሑዱ ጉዞ እንዲያደርገው ብላ የባሏን ጫማ ፒያሳ ወዳለችው ስፌት ቤቷ ያመጣችለት ታቢታ ናት። ሔኖክ ካረፈ እሑድ ዓመት ይሞላዋል፤ የክለቡ ልጆች ረጅም መንገድ በብስክሌት ተጉዘው ሊያስቡት ነው።

"እግርህ ከሱ ይበልጣላ" አለችው።

"አንድ ነን እኮ። አርባ ሦስት። ስንት ጊዜ ጫማ ተዋውሰናል" አለና አፉን ያዘ።

ታቢታ ጫማውን ተቀብላ ምላሱን ገልበጥ አደረገች። አርባ ሁለት ይላል። ስትገዛውም አይታዋለች፤ ግን የሳልባጅ ቁጥር ምኑ ይታመናል ብላ እግሩን የለካችበትን ክር አምና ነበር። ሔኖክ ከፔዳሉ ጋር የሚቆለፍ ጫማ ሲመኝ ኖሮ፣ አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ጋደም ባለበት እንቅልፍ ወሰደው። እሷም ትንፋሿን ውጣ ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ በክር ለካችው። በማግስቱ ሳልባጅ ተራ ክሩን በየጫማው ውስጥ ስትዘረጋ ግማሽ ቀን ፈጀች። ሲያጠልቀው "ልክህ ነው?" ብትለው "ልክክ ብሏል" አላት። የሰው ትከሻና ወገብ ስትለካ አሥር ዓመት የኖረችው ሴት፣ ተኝቶ የተለካ እግር ሲቆሙበት እንደሚረዝም ያኔ ልብ አላለችም።

"ይጠበው ነበር?"

አብዱልፈታህ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ማስተካከል ጀመረ።

"ወንድሜ አይደለህ? ንገረኝ።"

"ስልሳ ኪሎ ሜትር ላይ እግር ያብጣል። ያኔ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ቀይረው ብዬው ነበር፣ ወላሂ። 'ታቢታ ተደብቃ ለክታ ነው የገዛችልኝ፤ ታዝንብኛለች' አለኝ።"

"መለካቴን በምን አወቀ?"

"አልተኛም ነበር እኮ፣ ታቢ። ደስታሽን ላለማበላሸት ዐይኑን ጨፍኖልሽ ነው።"

ታቢታ ወንበሯን ፈልጋ ተቀመጠች። ቀጥሎ የመጣባትን ጥያቄ መጠየቅ ፈራች፤ ሳትጠይቅ መዋልም አልቻለችም።

"የሀገረ ሰላምን መንገድ እንደዚያ ሲወደው፣ በኋላ ለምን ተወው?"

"ዳገት ላይ ቆመህ ስትረግጥ ሕመሙ ይብሳል። ለጥ ያለው የዝዋይ መንገድ ይሻለኛል ይል ነበር።"

ከኋላው የመጣ ከባድ መኪና የገጨው በዝዋይ መንገድ ላይ ነው።

"የገደለው መኪናው ነው" አለ አብዱልፈታህ ቶሎ ብሎ። "ጫማው አይደለም። አንቺም አይደለሽም።"

ዓመቱን ሙሉ ሾፌሩን ስትረግም ከርማለች። አሁን እርግማኑ ዞሮ በገዛ እጇ ላይ ያረፈ መሰላት። ይልቁንም እሷን ላለማሳዘን ሆድ ይፍጀው ብሎ ያን ሁሉ መንገድ እየደነዘዘ መሄዱ፣ ከሞቱ እኩል አንጀቷን አቃጠላት። ጫማውን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ዩኒፎርም ልትወስድ ብቅ ያለች ደንበኛ ሁኔታውን አይታ ቀስ ብላ ተመለሰች።

እንባዋ ጋብ ሲል ጫማውን በጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

"እሑድ በየት ነው የምትሄዱት?"

"በዝዋይ። ያረፈበት ቦታ ቆመን እንድንጸልይ ብለን።"

"በሀገረ ሰላም ሂዱ። እሱ የሚወደው ያንን ነው።"

"ዳገቱ ከባድ ነው። እኔም ጫማ የለኝ።"

ታቢታ ከማሽኗ ላይ ረዘም ያለ ጥቁር ክር መዘዘች።

"ተነስ፤ ቁም።"

"ነገ እኔው ራሴ ሄጄ..."

"ቁም አልኩህ። ሙሉ ክብደትህን ጣልበት።"

ቆመ። እግሩ ሥር ተንበርክካ ክሩን ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ዘረጋች፤ በዚያ ላይ ደግሞ የአንድ ጣት ያህል ጨምራ ቋጠረችው።