የዙሃራ ፔርሙዝ

"እግርህን አታንቀሳቅስ አልኩህ።"

"ያማል እኮ፣ እማዬ።"

"እንኳን አመመህ።"

ድንቅነሽ የመርፌውን ጫፍ በክብሪት ለብለብ አድርጋ ሰባተኛውን እሾህ ከፍስሃ ተረከዝ ጎርጉራ አወጣችና ከስድስቱ ጎን የጣሳ ክዳን ላይ አስቀመጠችው። የልጇ እግር የሰው እግር አይመስልም። ጣቶቹ አብጠዋል፣ ሁለት ጥፍሮቹ የሉም፣ ውስጥ እግሩ እንደ አሮጌ ቁርበት ተሰነጣጥቋል። ውጭ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በሚያፈሰው በኩል ያስቀመጠችው ባልዲ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ደፍታዋለች።

የፍልሰታ ጾም የገባ ዕለት ከዚሁ ልደታ ካለው ቤቷ ስትሸኘው ቶሎ አየዋለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። እሱና የጎረቤቷ የመሪማ ልጅ በከር እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው ጅቡቲ ሊገቡ ነው የወጡት። ቀበሌ የሁለቱንም ስም ለብሔራዊ ውትድርና ጽፏል። የድንቅነሽ ትልቁ ልጅ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። ሴቷ ወይንሀረግ አግብታ ናዝሬት ናት። እጇ ላይ የቀረው ፍስሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሂድ አለችው። የቀበሌው ጥበቃ ሲጠይቃትም "አሞት ደብረ ሊባኖስ ጠበል ገብቷል" ብላ በጾም ምድር ዋሸች።

ይህን ሁሉ ካደረገች በኋላ ልጁ ትናንት ከሰዓት፣ እንደ በሽተኛ ሴት ነጠላ ተከናንቦ፣ ድሬዳዋ በምትኖረው በመሪማ እህት በዙሃራ ትከሻ ተደግፎ ከባቡር ጣቢያ ተመልሶ መጣ።

"ስንት ቀን ነበር የቀራችሁ?" አለችው።

"ሁለት።"

"ሁለት ቀን።" መርፌውን አስቀመጠች። "እኔ በዚህ ጉልበቴ በሁለት ቀን ደብረ ሊባኖስ በእግሬ እገባለሁ። እናንተ ጎረምሶቹ ሁለት ቀን አቃታችሁ?"

"ማዕበል ያዘን አልኩሽ እኮ።"

"በረሃ ላይ የምን ማዕበል?"

"የአሸዋ።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለምን እንደተመለሱ ከትናንት ጀምሮ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

"ያ ጓደኛህ ነው የፈራው። ወሬ ብቻ።"

"በከርን ተይው።"

ይህን ሲል በሩ ተንኳኳ። መሪማና በከር አንድ ላስቲክ ለሁለት ተከልለው ዝናቡን እያራገፉ ገቡ። መሪማ ፔርሙዝ በክንዷ ሥር ይዛለች። በከር ከስቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ግን በእግሩ ቆሟል።

"እንዴት ዋሉ፣ እትዬ ድንቅነሽ?"

"እንዴት እውላለሁ? ና እስቲ ተቀመጥ። ልጄን ሁለት ቀን ሲቀረው ለምንድነው የመለስከው?"

በከር ፍስሃን አየው። "አልነገርካቸውም?"

"ተው" አለ ፍስሃ፣ ከግድግዳው ሳይዞር።

"አልተውም።" በከር በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "እስከ አራተኛው ቀን ደህና ነበርን፣ እትዬ። ሌሊት እንሄዳለን፣ ቀን ግራር ሥር እንተኛለን። በአምስተኛው ቀን ሰማዩ ቀላ። ሲያጉረመርም ዝናብ መጣልን ብለን ደስ አለን። ጠብ አላለም። የመጣው ነፋስ ነው፣ አሸዋውን እንደ ግድግዳ አንስቶ ጣለብን። ዓይን አይገለጥ፣ አፍ አይከፈት። እንዳንጠፋፋ እጅና እጃችንን በነጠላ አስረን ሄድን።"

"ነፋስ ውስጥ ምን ያስኬዳችኋል? አትቀመጡም?"

"የተቀመጠ ይቀበራል። የተቀመጠች ፍየል አይተናል፣ ከላይ የቀረው ቀንዷ ነው።"

መሪማ በአፏ ውስጥ ዱዓ አደረገች።

"ጄሪካናችን ድንጋይ ላይ ወድቆ ተሰነጠቀ" አለ በከር። "ያለ ውሃ አንድ ቀን ከሌሊት ተጓዝን። ነፋሱ ሲቆም አንድ ባለግመል ሽማግሌ አገኘን። ውሃ ለምነነው የለኝም አለ። እሱም ቢሆን የሰነበተው በወተት ነው። አልቦ ሰጠን።"

"እሺ።"

"እኔ ጠጣሁ።"

የድንቅነሽ እጅ ሳታዝዘው አንገቷ ላይ ወዳለው መስቀል ሄደ።

የሄዱ ዕለት ጠዋት ልጇን ልደታ ማርያም ደጃፍ አቁማ፣ ይህንኑ መስቀል አስጨብጣ አስምላዋለች። "ጾሜን አልሽርም በል። የግመል ነገር በአፌ አይገባም በል።" መጀመሪያ እየሳቀ ነበር የተናገረው። እሷ እንደማትስቅ ሲያይ ደግሞ በደንብ ማለ። በሶውንና ዳቦ ቆሎውን አሸክማው ስትመለስ ልቧ አርፎ ነበር። ሥጋው ቢቸገር ነፍሱ አትጎድልም ብላ።

"ሽማግሌው እስኪሰለቸው ለመነው" አለ በከር። "በኋላ ወደቀ። ከንፈሩን እንኳ በወተት ላርስለት ብል ጥርሱን ነከሰ። ማታውን ኩሬ ባናገኝ ኖሮ ያኔውኑ አልቆለት ነበር። ሽማግሌው አዘነልንና ግመል ላይ ጭኖ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ባቡሩ ሐዲድ መለሰን።"

ድንቅነሽ ወደ ፍስሃ ዞረች።

"በግመል ነው የመጣኸው?"

"አዎ።"

"ጀርባዋ ላይ ተቀምጠህ?"

"አዎ።"

"ሦስት ቀን ተሸክማህ ስትመጣ ያልተጸየፍካትን ወተቷን ተጸየፍክ።"

"አልተጸየፍኩም። ምዬልሻለሁ እኮ፣ እማዬ።"

ይህ ልጅ በሕይወቱ ቃሏን ሰምቶ አያውቅም። ላምባ ግዛ ስትለው ኳስ ሜዳ ይገኛል። ለቅዳሴ ቀስቅሳው ዞር ስትል ተመልሶ ይተኛል። ዓመት ሙሉ ብትለፈልፍበት የማይሰማ ልጅ፣ ሰምቶ ሰምቶ ይቺን ሰማ።

"ድንቄ" አለች መሪማ ቀስ ብላ። "ዙሃራ የዛሬ አስር ቀን ወደ ድሬዳዋ ትመለሳለች። የቀበሌው የውትድርና ቀጠሮ የዚያው ሳምንት ነው። በከር አብሯት ይሄዳል።"

"ፍስሃስ?"

መሪማ ልጇን አየችው። በከር መሬት መሬት እያየ መለሰ። "የማይጠጣ ከሆነ አልወስደውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ትቼው ብሄድ ኖሮ ይኼኔ ጅቡቲ ነበርኩ። ሁለተኛ ግን ልሸከመው አልችልም።"

ድንቅነሽ በከርን ቀና ብላ አየችው። ወሬኛ ያለችው ልጅ ነው ልጇን ይዞላት የመጣው።

መሪማ ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ዙሃራ ከድሬዳዋ ይዛው የመጣችው ነው፣ የግመል ነው። እኔ ጠጡ አልልም። ደግሞም ጾማችሁ ነው።"

ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ድንቅነሽ ነጠላዋን ደርባ ወደ ንስሐ አባቷ ልትሮጥ አሰበች። አባ ወልደትንሣኤን ሠላሳ ዓመት ታውቃቸዋለች። ዘሌዋውያንን ገልጠው ያነቡላታል። አይሆንም ካሉ በኋላ ማድረግ ደግሞ ድፍረት ነው። ካልተጠየቁ ግን አይሆንም አይሉም።

"ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ" አለችው።

"አንቺ እንዴት ትፈቺኛለሽ? የሚፈታው ቄስ ነው።"

"አሁን ደግሞ ሊቅ ሆንክልኝ።"

ተነስታ ከመደርደሪያው ሲኒ አወረደች። ለእንግዳ የሚቀርበውን ሳይሆን ከቅዳሴ መልስ ጠበሏን የምትጠጣበትን የራሷን። የእመቤታችንን ሥዕል መጋረጃ ልትስብ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ተወችው። እንደ ተገለጠ ይሁን። ፔርሙዙን ከፈተች። ወተቱ የጭስና የቆዳ ሽታ አለው። እስከ ሲኒው ግማሽ ቀዳችና ቆማ ተጎነጨችለት። ጨው ጨው ይላል። ዋጠችው።

ፍስሃ ከአልጋው ላይ ቀና ብሎ ነበር። "እማዬ፣ ጾም ነው እኮ። ሊፈታ ሁለት ቀን ነው የቀረው።"

"ላንተም ሁለት ቀን ነበር የቀረህ።"

ሲኒውን ሰጠችው። "ጠጣ። እኔ ንስሐ የምገባው ደርሼያለሁ ብለህ የላክህልኝ ዕለት ነው። እንግዲህ ብዙ አታስጠብቀኝ።"

ፍስሃ በሁለት እጁ ተቀበላት። መሪማ በላስቲኩ ላይ የተረፈውን ዝናብ የምታራግፍ መስላ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ድንቅነሽ መርፌውን አንስታ ጫፉን ክብሪት ላይ ያዘችው።

"ያንኛውን እግርህን አምጣ" አለችው።