ከነገ ወዲያ፣ ሞተ

በ1970 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ውስጥ ስሙ ሲጠራ መስማት የሚወድ ሰው አልነበረም። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ታጁዲን ግን ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት እንደቆመ ተጠራ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ዓሊዩ ጠመንጃውን አንግቶ የክፍሉ በር ላይ ቆሟል።

«መምህር፣ ደፊ፣ ቶሎ በል! ጓድ ይፈልግሃል።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አቦ! እንግሊዝኛ የሚያነብ ጥራ ተባልኩ፣ ጠራሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ታጁዲን ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈራ የሰነበተው ይህንኑ ነበር፤ አሳሾች የጋሽ አጥናፉን ቤት በርብረው ሰውየውንም ደብተሩንም ከወሰዱ ጀምሮ ማለት ነው።

ጋሽ አጥናፉ የትምህርት ቤቱ አንጋፋ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ሌላው ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ እሳቸው እንግሊዞች የጣሉትን ቃል ይለቅማሉ። አንድ ፈረንጅ መምህር ትቶላቸው ከሄደው ጥራዙ የላላ ትልቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ እያደኑ፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ዘመን ይነገር እንደነበር፣ መቼ ከሰው አፍ እንደጠፋ በደብተር ይጽፋሉ። ከጠፋው ቃል ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ሞተ» ይላሉ። «ቃልም እንደ ሰው ነው ታጁ፤ የሚጠራው ሲያጣ ይሞታል።» ታጁዲን በሆዱ ይስቅባቸው ነበር። እንጀራ ለማይሆን ነገር ይህ ሁሉ ድካም!

ዓምና ግን «ኦቨርሞሮው» የሚል ቃል አሳዩት። እንግሊዞች የዛሬ አራት መቶ ዓመት ከነገ ወዲያን እንዲህ ይሏት ነበር፤ ቃሉ ጀርመኖች ዛሬም ከሚሉት ጋር ሥጋ ዘመድ ነው። የዛሬዎቹ እንግሊዞች ቃሉን ጥለው «ከነገ በኋላ ያለው ቀን» እያሉ ይንዛዛሉ። ታጁዲን ደስ አለው። «እኛማ በኦሮምኛ አለን፤ የኛው አልሞተም!» አለና፣ ደብተሩን ሳብ አድርጎ ከጎኑ «ኢፍታን» ብሎ ጻፈ። በገዛ እጁ።

አሁን ያ ደብተር ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ጋሽ አጥናፉ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው አብጧል፣ መነጽራቸው የለም። ካድሬው ጓድ ኃይሉ ወደዚህ አገር ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። ጣቱን ገጹ ላይ አሳርፎ፣ «አንብብ» አለው።

«ኦቨርሞሮው… ከነገ ወዲያ… ሞተ።»

«ከነገ ወዲያ ከሐረር ማን እንደሚመጣ ታውቃለህ?»

ታጁዲን ያውቃል። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ለባለሥልጣኑ አቀባበል ተብሎ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሳይቀር በኖራ ተለቅልቋል።

«ታዲያ ከነገ ወዲያ የሚሞተው ማነው?»

«ቃሉ ነው የሞተው ጓድ» አሉ ጋሽ አጥናፉ፤ «ሰው አይደለም። የጻፍኩትም ዓምና ነው። ያ ከነገ ወዲያ ካለፈ ቆየ።»

«አንተን አልጠየቅሁም!» ጓድ ኃይሉ አንዲት የተማሪ መዝገበ ቃላት ወደ ታጁዲን ገፋ። «ፈልገው። ካለ እንግሊዝኛ ነው፤ ሽማግሌውም ቤቱ ይገባል። ከሌለ የምስጢር ቋንቋ ነው። የዚያን ፍርድ ታውቀዋለህ።»

ታጁዲን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ገለጠ። እንደማያገኘው ያውቃል። እንዲህ ያለች ትንሽ መጽሐፍ የምትይዘው ሰው የሚናገረውን ቃል ብቻ ነው፤ የሞተውን ከየት ታመጣዋለች? ይህንን ቢናገር አንድ ነፍስ ትተርፋለች። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «አንተስ በምን አወቅህ?» መባል ይመጣል፤ ከዚያ «ይህስ የማን እጅ ነው?» ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልቻለም። ቤት ሚስቱ መይሙና አራስ ናት።

«የለም» አለ።

«እንግሊዝኛ ነው ወይስ አይደለም?»

«ወላሂ ጓድ… እኔ እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ አላውቅም።»

ፈሪ ለናቱ ይባላል። ታጁዲን ያን ጊዜ የማንም አልነበረም፤ ለራሱም አልሆነም። ወደ አግዳሚው ላለማየት መዝገበ ቃላቱን እንደገና ገለጠ።

ጓድ ኃይሉ ራሱን ነቀነቀና ጣቱን ከጎኑ ወዳለው ቃል ገፋ አደረገው። «ይህ ኢፍታን የሚባለውስ ማነው? የት ነው የሚኖረው?»

ዓሊዩ ሳቁ አመለጠው። «ኢፍታን ሰው አይደለም ጓድ! በኛ ቋንቋ ከነገ ወዲያ ማለት ነው።»

የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። ጓድ ኃይሉ ፊቱ ጠቆረ። «ሁለት ጊዜ ጽፋችሁታላ! ጽሕፈቱም የሌላ ሰው ነው። የማን ነው?»

ጋሽ አጥናፉ ቀና አሉ። ያለ መነጽር ዓይናቸውን አጥብበው ታጁዲንን አዩት። ታጁዲን መዝገበ ቃላቱን ዘጋ። አሁን ይሉታል፣ አሁን፣ ቢሉትስ ምን ይፈረድባቸዋል?

«የኔ ነው» አሉ። «ሃያ ዓመት እዚህ ስኖር ኦሮምኛ ሳልለምድ እቀራለሁ? ቆሜ ስለጻፍኩት ነው የተጣመመው።»

«ከአንተ ሌላ ይህን የሚያውቅ የለም?»

«የለም። መምህሩ ሲናገር ሰምተሃል።»

ጓድ ኃይሉ ደብተሩን ዘጋው። «አንተ ወደ ክፍልህ ተመለስ። ዓሊዩ፣ ይህንን ሽማግሌ እስር ቤት አስገባው።»

ታጁዲን ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። ለጋሽ አጥናፉ አንድ ነገር ሊል፣ ምንም ይሁን ምን አንድ ነገር ሊል ነበር የዞረው። እጅ ነሣና፣ «አመሰግናለሁ፣ ጓድ» አለ።