ስለ ክዳኑ የተረታችው ሴት

እኔ ወለተ ሩፋኤል፣ የመሪጌታ ዘውዱ ልጅ፣ በአንዲት ቃል ልመልሰው የምችለውን ፍርድ በዝምታ ያሳለፍሁ ሴት ነኝ። ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ የነገሩን ፍጻሜ ሳታውቁ ጥፋቴን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ኋላ የቋንቋው ጌጥ እንዳይሸፍንብኝ ፈርቼ ነው። ስለ አንደበት ኃጢአት አበው ብዙ ተናግረዋል፤ ሐሰት የሚናገረውን፣ በከንቱ የሚምለውን፣ ሰው የሚያማውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይሸሸዋል። የዝምታ ኃጢአት ግን በጨዋ አምሳል ገብቶ በጨዋ አምሳል ይወጣል፤ ጭምትነት ነው፣ ትሕትና ነው ተብሎ ይመሰገናል እንጂ ማንም ይዞ ከዳኛ ፊት አያቆመውም።

አባቴ ባረፈ ጊዜ በጎንደር ከተማ፣ ከአንድ ደብር ቅጽር በስተጀርባ፣ ክብ የሣር ቤት አወረሰኝ፤ እኔም በኀዘን ዘግቼው ሁለት ክረምት ያለ እሳት ከረመ። የሣር ቤት ዕድሜው ጢስ ነው፤ ጢስ ያጣ ወራጅ ከውጭ ጽኑዕ መስሎ ይታያል፣ ከውስጥ ግን ነቀዝ ይበላዋል። በሩን በከፈትሁ ቀን ጣቴን በአንዱ ወራጅ ላይ ብጫነው እንደ ሊጥ ተቀበለኝ። ሆኖም ጽድ አስቆርጦ፣ አስጭኖ፣ ጣሪያውን አፍርሶ እንደ አዲስ ማዋቀር ወጪውም ድካሙም ከበደኝና፣ በበሰበሰው ላይ ወርቅ የመሰለ ሣር አስከድኜ ቤቱን ለእመት ማንያህልሻል አከራየኋት። እርሷም «እኅቴ፣ ቤቱ ጽኑ ነውን?» ብላ ብትጠይቀኝ «የአባቴ ቤት እኮ ነው» አልኋት፤ መልሴ ሐሰት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። ይህች ሴት ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ አንደበቷ የተሳለ፣ እጇ ለፈትል የተባረከ ባልቴት ነበረች። ባሏ ወንድይራድ ሲራራ ነጋዴ ሆኖ ሲኖር በቆላ ንዳድ ሞቶ በዚያው ተቀብሮ ነበርና፣ እርሷ ከፈትሏ የምታገኘውን ሁሉ ለተዝካሩ ታከማች ነበር፤ ወይፈን አሳደገች፣ ማር በጋን አስቀመጠች፣ እህል በጎታ ሞላች። በአገራችን ተዝካሩ ያልወጣለት ሙት ምን ያህል እንደሚታዘንለት፣ ያላወጣችለት ሚስትም ምን ያህል እንደምትታማ የማያውቅ የለም፤ የመሪጌታ ልጅ የሆንሁት እኔማ ከሁሉ ይልቅ አውቅ ነበር።

ክረምቱ በገባ ጊዜ ጣሪያው ጎበጠ፣ ጠብታውም መደቡ ድረስ ወረደ። በሰፈራችን ልማድ ክዳንና ወራጅ የባለቤት፣ የግድግዳው ምርጊት የተከራይ ነበርና ማንያህልሻል መጥታ ቤቱን አድሺልኝ አለችኝ። እኔም እሳት ባለማንደድሽ ያበሰበስሽው አንቺ ነሽ ብዬ መለስሁላት። በርግጥም ጢሱ ነጩን ፈትል እንዳያጠቁርባት እሳቷን ታሳንስ ነበር፤ ያችን ትንሽ እውነት ይዤ በትልቁ ሐሰቴ ላይ እንደ አዲሱ ሣር ከደንኋት። ጎረቤት ቢገባ አልታረቅንም፤ የንስሐ አባታችን ቢመክሩን አልሰማንም፤ በመጨረሻ የወረዳው ዳኛ ግራዝማች ውቤነህ ከቅዳሴ ሲወጡ በደጀ ሰላሙ አቁመን ተሟገትን። እርሳቸውም ነገራችንን በጽሞና ሰምተው፣ ወራጁን በዓይናቸው አይተው እንደሚፈርዱ፣ እስከዚያ ግን እንደ ወጉ በቁራኛ እንድንታሰር አዘዙ። የነጠላችንን ጫፍ ከጫፍ ቋጥረው፣ በምንሟገትበት ቤት አብረን እንድንቆይ ካደረጉ በኋላ ሕጉን አሰሙን፦ «ቋጠሮውን የፈታች ተረታች፤ ሌላ ፍርድ የለም። ነፍስ ለማዳን የፈታች እንደሆነች ግን አትረታም፤ ምስክሯም የዳነችው ብቻ ናት።»

እንዲህም ሆነን ሁለት ጠበኞች እንደ አንድ ጥንድ በሬ አብረን ዋልን፤ እርሷ ለውኃ ስትነሣ እኔ ተከትዬ፣ እኔ ለጸሎት ስቆም እርሷ አጠገቤ ቆማ። ልቤ በቂም ቢታሰርም ቀልዷን መቋቋም አልቻልሁም። ጣሪያው በራሴ ላይ ባንጠባጠበ ጊዜ እንዝርቷን ሳታቆም «እኅቴ፣ ያቺ ጠብታ ያንቺ ድርሻ ናት፤ የእኔዋ ወዲህ ማዶ ናት፣ አትቀላቅይብኝ» አለች። ዳዊቴን ስደግምም ጥቂት አዳምጣ «የባለቤቱንም ኃጢአት የሚያነሣ መዝሙር አለበት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ገጹን ገለጥሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ ወረደ። አንባብያን ሆይ፣ የሚያስፈራ ነገር አይቻለሁ ብዬ የምናገረው ያን ቀን ያየሁትን ነው። ወራጆቹ አንድ በአንድ እንደ ደረቅ አጥንት ሲሰበሩ ሰማሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከነማገሩ ወርዶ እግሬን ከምሰሶው ሥር ጠፍሮ ያዘኝ። ማንያህልሻል ወደ በሩ ቀርባ ነበርና ቋጠሮውን ፈትታ ብትወጣ የሚከለክላት አልነበረም። እርሷ ግን ወደ እኔ ተመለሰች። ግንዱን በሁለት እጇ ልታነሣ ብትሞክር ቋጠሮው ክንዷን ጎተተው፤ አንድ ጊዜ ቋጠሮውን አየች፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች፣ የምታደርገውንም ፈጽማ እንዳወቀች ከፊቷ አነበብሁ። «ወንድይራድ፣ ለተዝካርህ እንግዲህ ጥቂት ጠብቀኝ» ብላ የረጠበውን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። ከዚያ ትከሻዋን ከግንዱ ሥር አግብታ ቀና አለች፤ በረዶው በራሷ ላይ እየተበተነ፣ የአባቴ ቤት ሁሉ በእርሷ ላይ ተደግፎ፣ ለአንድ አፍታ ምሰሶው እርሷ ሆነች። እኔም ታቦት ሲያልፍ እንደሚያይ ሰው ፊቴን ልሸፍን ቃጣኝ። እየጎተተች ከደጅ ጣለችኝ፤ ጣሪያውም ከኋላችን ወደቀ።

ግራዝማች ውቤነህ የመፍረሱን ድምፅ ሰምተው ከሕዝቡ ጋር መጡ። የተለያየውን ነጠላችንን አይተው ማን እንደ ፈታው ቢጠይቁ ማንያህልሻል «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች። ለነፍስ ነው ወይ ባሏት ጊዜ ልትማጸነኝ ቀርቶ ወደ እኔም አልዞረችም፤ «እርሷ ትናገር» ብቻ አለች። ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ተመለከተ። አዎን ብል ሙግቱ እንደ ገና ሊነሣ፣ ዳኛው የወደቁትን ወራጆች ሊመረምሩ፣ የመሪጌታ ዘውዱ ልጅ የበሰበሰ ቤት በሣር ሸፍና አከራየች ሊባል ነበር። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ አንገቴን ደፋሁ። ግራዝማች ታገሡኝ፤ ደግመው ጠየቁኝ፤ የቆሰለውን እግሬን አይተው ሦስተኛም ጠየቁኝ። በመጨረሻ እያዘኑ «ዳኛ በቃል ይፈርዳል እንጂ በግምት አይፈርድም» ብለው እመት ማንያህልሻልን ረትተሻታል አሉኝ፤ የቤቱም እድሳት በእርሷ ላይ ተፈረደ።

ወይፈኑ ተሸጠ፣ ማሩ ተሸጠ፣ ጎታውም ባዶ ቀረ። እርሷ ግን ጽድ አስመጥታ፣ ሣሩን አጥብቃ አስከድና፣ ነውር የሌለበት ጣሪያ ሠርታልኝ፣ ሳትረግመኝ ወደ ሌላ ሰፈር ተከራይታ ሄደች። እኔም በዚያ ጣሪያ ሥር እንቅልፍ አጣሁ፤ ዓመት ያህል ከራሴ ጋር ተሟግቼ በመጨረሻ ሄጄ ከእግሯ ወደቅሁ፣ ቤቱንም ልስጥሽ አልኋት። እርሷም ሳቀች። «ቤትሽን ምን ላድርገው? ክዳኑ እንደሆነ ድሮም የእኔ ነው። ይልቅ ሽጪውና የወንድይራድን ተዝካር እናውጣበት፤ ብዙ አስጠበቅነው» አለችኝ። እንደ ቃሏ አደረግሁ። ካህናቱ ደገሙ፣ ድኻ ጠገበ፣ ድንኳኑም ሞላ። በመካከሉ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ የማታውቀውን ሰው ተዝካር በአባቷ ቤት ዋጋ ያወጣች ደግ ሴት ብለው መረቁኝ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። እኔ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። ማንያህልሻል የጠላ ማድጋ ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ዛሬም ዝም?» አለችኝ።

ቁጣ አልነበረባትም፤ እንደ እኅት ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ግን ከድንኳኑ ወጣሁ፤ መልስ ያገኘሁላት ዛሬ፣ ዕድሜዬ አርባን ካለፈ በኋላ፣ ብዕር ባነሣሁ ጊዜ ነው። እርሷ ይቅር ብላኛለች፤ በሐሰት የተመሰገንሁት ግን በሰው ሁሉ ፊት ነበርና የሰውን ይቅርታ እርሷ ልትሰጠኝ አትችልም። በአደባባይ የተሠራ በደል በጓዳ አይታረቅም፤ ስለዚህ እናንተ ያነበባችሁኝ ይቅር በሉኝ።