የሹም ፋላኒኮ አሳማና የእኛ ምንጣፍ

ሲኔቫ እስከ ሰኞ ማታ መንደሩን ለቃ እንድትወጣ ፈረዱባት። ለአንድ ዓመት! ሲኔቫ የልጅ ልጄ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ተለይታ ያደረችው ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው፣ ከመዘምራን ጋር ዋና ከተማው አፒያ ሄዳ። እሱንም ጉንፋን ይዟት ተመለሰች።

ጥፋቷ የሹም ፋላኒኮን ወፍራም አሳማ ሰርቆ መብላት ነው ተባለ። ያቺ አሳማ የሲኔቫን ጎደሬ እየቆፈረች ስንት ቀን አስለቅሳታለች። በመጨረሻ ሲኔቫ በገመድ አስራ እየጎተተች ሹሙ ደጅ ድረስ ወሰደቻትና «አሳማዎን ይጠብቁ፣ አለዚያ በቆፈረችው ጎደሬ ቀቅዬ እበላታለሁ!» አለች። እንዲህ ያለ ነገር በመረብ ኳስ ሜዳ አጠገብ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ ይባላል? በነጋታው አሳማዋ ጠፋች። የእኛ ገመድ ላይ ደግሞ የአሳማ ጸጉር ተገኘ። ጎትታት የለ፣ ምን ሊገኝ ኖሯል!

አርብ ዕለት ጉባኤው ተሰበሰበ። ሹማምንቱ እያንዳንዳቸው በየምሰሶአቸው ተደግፈው ተቀመጡ፤ የመሪው ምሰሶ የሹም ፋላኒኮ ነው። እኛ ሴቶቹ ውጭ ሆነን እናዳምጣለን፤ ቤቱ እንደሆነ ግድግዳ የለው።

«የምትናገሪው አለሽ?» አሏት።

«አለኝ። አሳማዋ የእርስዎ ናት። ከሳሹም እርስዎ ነዎት። ዳኛውም እርስዎ ከሆኑ ለእኛ የተረፈልን ምንድን ነው? አሳማዋን መሆን?»

አንዱ ሹም ሳቁ አመለጠውና ቶሎ ብሎ ሳል አስመሰለው። ሹም ፋላኒኮ ግን አልሳቁም።

«ስድስት ወር ልል ነበር፤ ዓመት ይሁን» አሉ።

እኔ አፏን በእጄ ልይዝላት ምን ያህል ርቀት እንዳለ እለካ ነበር። አልደረስኩም።

ቤት ስንገባ ለመንኳት። «ልጄ፣ ኢፎጋ እንቀመጥ። የክብር ምንጣፋችንን ተከናንበን ሹሙ ደጅ እንቀመጣለን፤ ምንጣፉን ካነሱልን ይቅር አሉን ማለት ነው፣ ነገሩ አለቀ፣ ማንም ዳግመኛ አያነሳውም።»

«ያልሰረቅኩትን ሰረቅኩ ልበል?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ እንጂ ማን ተናገሪ አለሽ!»

«እማማ፣ ምንጣፍ ስር መቀመጥ ማለት እኮ አዎ ሰርቄያለሁ ማለት ነው። በእግሬ ከመንደር እወጣለሁ እንጂ በጉልበቴ አልንበረከክም።»

ልብሷን ሸክፋ አስቀመጠች። ሹራብ እንኳ አልያዘችም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብከቱ አንድም አልገባኝም፤ አፒያ ያሉት መኪኖች ብቻ ናቸው የታዩኝ። እነሱ ሰው ሲያዩ ይቆማሉ? እሷስ ግራና ቀኝ ታያለች?

ሰኞ ገና ሲነጋጋ፣ ሲኔቫ እንደተኛች ምንጣፉን ተሸክሜ ወጣሁ። በባሕሩ ዳር በኩል ውሻ ስላለ በላይኛው መንገድ ዞርኩ። ሹሙ ደጅ ደረስኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተከናነብኩ። አያቴ የሸመነችው ነው፤ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ አየር ግን አያሳልፍም። ላቤ ይንቆረቆር ጀመር። አንድ ዶሮ ጭንቅላቴ ላይ ወጣና ተመቸው።

ብዙ ቆይቶ ኮቴ ሰማሁ። የሹሙ እናት እትዬ ፉአታ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል።

«ምንጣፉን ጤዛ ላይ ማን ጣለው? የዚህ ቤት ሴቶች!» አሉና አቧራውን ሊያራግፉ በመጥረጊያ ጀርባዬን ዠለጡኝ።

«ኧረ እኔ ነኝ! እትዬ ፉአታ፣ እኔ ኤሴታ ነኝ!»

«ኤሴታ? እዚያ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ስለ አሳማዋ። ሹሙ ምንጣፉን ያንሱልኝ።»

«ፋላኒኮ? እሱማ እናንተ ቤት ነው። አሳማዋ ትናንት ማታ ሰባት ልጆቿን አስከትላ ከጫካ ወጣች እኮ! ሚስቱ ይቅርታ ሳትጠይቅ ቁርስ የለም ብላው፣ ምንጣፍ ተሸክሞ በባሕሩ ዳር ወረደ።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ ምን ሰረቅሽ?»

«ምንም!»

«ምንም ያልሰረቀ ሰው ምንጣፍ ስር አይገባም። ለማንኛውም ይቅር ብዬሻለሁ» አሉና ምንጣፉን ከላዬ አንስተው ይዳብሱት ጀመር። «ውይ፣ እንዴት ያለ ሽመና ነው!»

ኢፎጋ የተቀመጡበት ምንጣፍ ይቅር ላለው ሰው እንደሚቀር እያወቅኩ «ይመልሱልኝ፣ በስህተት ነው» አልኳቸው።

«ይቅርታ በስህተት ይጠየቃል እንዴ?»

ምንጣፉ የራሱ ጉዳይ። ያስፈራኝ ሌላ ነበር፤ ሹሙ እኔ እዚህ መቀመጤን ከሰሙ፣ አያትየዋ አምናለች ብለው ብድግ ይላሉ፤ ፍርዱ እንዳለ ሊቀር ነው። ይህን ጉልበቴን ይዤ ሮጥኩ፣ ውሻም ይብላኝ ብዬ በባሕሩ ዳር።

እንደደረስኩ መንደሩ ሁሉ ደጃችን ቆሟል። ሹም ፋላኒኮ ምንጣፋቸውን ተከናንበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲኔቫ ደፉ ላይ ሆና የተጠበሰ ሙዟን በዝግታ ትበላለች። ስንት ዓመት ቶሎ ቶሎ አትጎርሺ እያልኩ ስለፋባት የሰማችኝ ያን ቀን ነው።

«ማን አለ እዚያ?» ትላለች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ልጅዎ? ሌባዋ አይደለሁም እንዴ?»

«ተሳስቻለሁ።»

«አርብ ዕለት ድምፅዎ እስከ ባሕሩ ይሰማ ነበር። ዛሬ ጉንፋን ይዞዎታል?»

«አንሺላቸው! ቶሎ አንሺላቸው!» አልኩ እያለከለክሁ።

«የት ነበርሽ፣ እማማ? ምንጣፋችንስ የት ሄደ?»

«እ... ላሰጣው ብዬ...»

ወዲያው ከኋላዬ፣ ምንጣፌን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እትዬ ፉአታ ደረሱ። «ይቅር ብያታለሁ! ኤሴታን ይቅር ብያታለሁ!»

የሹሙ ጭንቅላት ከምንጣፉ ስር ብቅ አለ። «ለምኑ?»

«አሳማችንን ስለ ሰረቀች።»

«እማዬ፣ አሳማዋ እኮ ተገኘች!»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሹም ፋላኒኮ ግን ሹም ናቸውና ቶሎ ነቁ። «እንግዲያው እኩል ነን። እኔም ተቀመጥኩ፣ እናንተም ተቀመጣችሁ። የማንም ጥፋት የለም» ብለው ሊነሱ ሲሉ፣

«ይቀመጡ» አለች ሲኔቫ። ተቀመጡ። እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር።

«እማማ፣ አንቺም?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የምንጣፉን ጫፍ ከፍ አደረገችና «ግቢ» አለችኝ።

ገባሁ። ከሹሙ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ።

«እማማ ኤሴታ፣ እስከ መቼ ታስቀምጠናለች?» ብለው አንሾካሾኩ።

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ። እልኸኛ ናት፤ እኔው ነኝ ያሳደግኳት።»

«ምን አብልተው ነው ያሳደጓት?»

«ጎደሬ። የእርስዎ አሳማ እስክትጨርሰው ድረስ።»

ዛጎሉ ተነፋ፤ የሰኞ ጉባኤ ሰዓት ነበር። ሹማምንቱ መሪያቸውን ቢያጡ እኛ ግቢ መጥተው ሣሩ ላይ ተደረደሩ። ሲኔቫ ምንጣፉን አላነሳችም። ሹም ፋላኒኮ እዚያው ውስጥ ሆነው፣ እስከ ባሕሩ በሚሰማ ድምፅ፣ ሲኔቫ ሌባ እንዳልነበረች፣ ፍርዱ እንደተሻረ፣ ከእንግዲህ ባለ አሳማ በአሳማ ጉዳይ ዳኛ እንደማይሆን ተናገሩ። ጆሮዬ ሊደነቁር ምንም አልቀረው።

«ሁላችንም እኮ አሳማ አለን» አለ አንዱ ሹም ተጨንቆ። «ታዲያ ማን ሊፈርድ ነው?»

«እኔ የለኝም» አለች ሲኔቫ።

ያን ጊዜ ሹማምንቱን ሁሉ ሳል ያዛቸው።

ከዚያ እግሯ ወደ እኔ መጣ። ቁጭ ስትል በሽመናው ቀዳዳ ጥላዋ ታየኝ።

«እማማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሰርቃለች ብለሽ አምነሽ ነበር?»

ለሌላ ሰው ቢሆን እዋሽ ነበር። «ትንሽ» አልኳት።

«ምን ያህል ትንሽ?»

«የአንድ እግር ያህል። ሙሉዋን ትበላለች ብዬስ አላሰብኩም።»

ሹሙ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«የፊቱን ነው የኋላውን?» አለች።

«የኋላውን። ለእኔም ትንሽ አስቀርታልኝ ይሆናል ብዬ።»

ሳቋን ሰማሁት፤ ምንጣፉም ተነሳ።